የተቆረጡት ፊቶች ይጠገኑ? ስለ አንድ የእንግሊዝ ማጥመቂያ ገንዳ

ጥያቄ፦ «ባለፈው ወር ከልጆቼ ጋር በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎክ አውራጃ፣ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ገብተን ነበር። ከበሩ አጠገብ ስምንት ማዕዘን ያለው ትልቅ የድንጋይ ገንዳ ቆሟል። በየገጹ ሰዎች ተቀርጸውበታል፤ የሁሉም ፊት ግን ተቆርጦ ጠፍቷል። የገንዳው ከንፈር ላይ ደግሞ ሁለት የዛገ ብረት ቁርጥራጭ ተቀርቅሮ አየሁ። ክርስትና የሚነሳበት እንደሆነ ነገሩን። በሕፃን ግንባር ላይ ጥቂት ውሃ ለሚያፈስሱ ሰዎች ይህን የሚያህል ገንዳ ለምን አስፈለጋቸው? ፊቶቹን ማን ቆረጣቸው? ይህን ያህል ሀብት ያላት ሀገርስ ለምን አታስጠግነውም?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ የድንጋይ ቅርሶችን በመጠገን ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። እርስዎ ያዩትን ዓይነት ገንዳ ሳገኝ ግን አሁንም ዙሪያውን ሦስት አራት ጊዜ ሳልዞር ከቤተ ክርስቲያኑ አልወጣም። የጠየቁት ሁሉ መልሱ እዚያው ድንጋዩ ላይ አለ፤ ስፋቱም፣ ብረቱም፣ የተቆረጠው ፊትም እያንዳንዳቸው ስለ አንድ ዘመን ይመሰክራሉ። ለመጨረሻው ጥያቄዎ ያለኝን መልስ ግን አስቀድሜ ልናገር፦ እባክዎ፣ ማንም አይንካው። ለምን እንደዚህ እንደምል ለማስረዳት ከስፋቱ ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ የእንግሊዝ ቄስ በእጁ ወይም በዛጎል ቅርጽ በተሠራ ማንኪያ ውሃ ቀድቶ በሕፃኑ ግንባር ላይ ያፈስሳል። ገንዳው የተሠራው ግን ለዚህ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ሕፃን ራቁቱን ሆኖ ሦስት ጊዜ ውሃ ውስጥ ይነከር ነበር። በ1549 የወጣው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ የጸሎት መጽሐፍ እንኳ ይህንኑ በዝርዝር ያዝዛል፦ መጀመሪያ በቀኝ ጎኑ፣ ቀጥሎ በግራ ጎኑ፣ በሦስተኛው ፊቱን ወደ ገንዳው አድርጎ። ሕፃኑ ደካማ ከሆነ ብቻ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል ይላል። በኋለኞቹ ዘመናት ለደካማው የተፈቀደው ነገር የሁሉም ልማድ ሆነና ገንዳው ለሥራው የሰፋ መስሎ ታየ። ስለዚህ እርስዎ ትልቅ ነው ያሉት ገንዳ ልክ የአንድ ሕፃን መጠን ነው። በእኛ ዘንድ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሳሉ፤ እዚያ ግን ሕፃኑ ሳይጠመቅ እንዳይሞት ስለሚፈራ በተወለደ በዚያው ቀን ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዘውት ይሮጡ ነበር። የዚያን ድንጋይ ቅዝቃዜ በጥር ወር በእጄ ስለማውቀው፣ የእነዚያን አራስ ሕፃናት ጩኸት ሳላስብ ገንዳ መንካት አልችልም።

አሁን ወደ ብረቶቹ እንምጣ። የገንዳው ውሃ ለእያንዳንዱ ጥምቀት አዲስ አይቀዳም ነበር። በትንሣኤ ዋዜማና በጰራቅሊጦስ ዋዜማ ይባረካል፣ ቅዱስ ቅባት ይጨመርበታል፣ ከዚያም ለሳምንታት እዚያው ይቀመጣል። ድንጋዩ ውሃ እንዳይመጥ ውስጡ እርሳስ በሚባለው ማዕድን ይለበጣል፤ እርስዎም ወደ ውስጥ ቢመለከቱ ግራጫውን እርሳስና ከታች መፍሰሻ ቀዳዳውን ሳያዩ አልቀሩም። አሮጌው ውሃ ሲለወጥ በዚያ ቀዳዳ በቀጥታ ወደ መሬት ይወርዳል እንጂ ውጭ አይደፋም። ታዲያ የተባረከ ውሃ ክፍት ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ምን ይሆናል? ጠበል ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሰው ለታመመ ልጁ፣ ለከብቱ፣ ለእርሻው ሊወስድ ይፈልጋል፤ ከዚያም አልፎ ለአስማት የሚፈልገው አይጠፋም። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ በ1236 ባወጣው ሥርዓት ማጥመቂያ ገንዳዎች ሁሉ ክዳን ኖሯቸው በቁልፍ እንዲዘጉ አዘዘ፤ ምክንያቱንም አስማትን ለመከላከል እንደሆነ ገልጿል። ከንፈሩ ላይ ያዩዋቸው ሁለት የብረት ቁርጥራጮች የዚያ መቆለፊያ ቀሪ ናቸው። ብረቱ በእርሳስ ተጣብቆ ድንጋዩ ውስጥ ይቀበራል፤ በክዳኑ ላይ አግዳሚ ዘንግ ያልፍና ይቆለፋል። በብዙ ገንዳዎች ላይ ብረቱ ራሱ ጠፍቶ ከከንፈሩ ሁለት ቦታ ተቃራኒ ለተቃራኒ የተቦደሰ ድንጋይ ብቻ ይቀራል። ይህን ጉዳት አይቶ «ሲያጓጉዙት ሰበሩት» የሚል ጎብኚ ብዙ ነው። እኔ ግን ብረቱ ሲነቀል የተቦደሰውን ቦታ በጣቴ ስዳስስ፣ አንድ ሰው ያን ውሃ የፈራበትንም የጓጓበትንም ዘመን የነካሁ ይመስለኛል።

ክዳኑ መጀመሪያ ተራ ጣውላ ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን ግን የሰፎክና የጎረቤቷ የኖርፎክ አውራጃ አናጢዎች ወደ ሰማይ የሚወጣ የእንጨት ግንብ አደረጉት። ጊዜ ካገኙ እዚያው ሰፎክ ውስጥ አፈርድ የሚባል መንደር ሄደው የቤተ ክርስቲያኑን ክዳን ይዩ። ቁመቱ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የታችኛው ክፍል በላይኛው ላይ እየተንሸራተተ ስለሚወጣ ያን ሁሉ ግንብ ማንሳት ሳያስፈልግ ገንዳው ይከፈታል። ጫፉ ላይ ደረቷን በመንቁሯ የምትወጋ ወፍ ተቀምጣለች። ወደ ክዳኑ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ምስል ሊሰብር የመጣ አንድ ሰው ፊቱ ቆሞ ተደንቆበታልና። በዚሁ አውራጃ ዎርሊንግዎርዝ በሚባለው መንደር ያለው ክዳን ደግሞ ከግራም ከቀኝም ሲነበብ አንድ የሆነ የግሪክ ጽሑፍ ይዟል። ትርጉሙ «ኃጢአቴን እጠብ፣ ፊቴን ብቻ አይደለም» የሚል ነው።

ወደ ምስሎቹ ልለፍ። ገንዳው ስምንት ገጽ ካለው፣ በየገጹም ሰዎች በአንድ ሥርዓት ዙሪያ ተሰብስበው ከተቀረጹ፣ ያዩት «የሰባቱ ምሥጢራት ገንዳ» የሚባለውን ነው። ከእነዚህ ዛሬ 40 ያህሉ ቀርተዋል፤ በኬንት ካለችው ፋርኒንግሃምና በሱመርሴት ካለችው ኔትልኮም በስተቀር ሁሉም በዚያው በምሥራቅ እንግሊዝ ናቸው። በዚህ ቦታ አንድ ኢትዮጵያዊ ከብዙ እንግሊዛዊ ጎብኚ ይሻላል እላለሁ። ሰባቱን ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን በልጅነቱ የተማረ ሰው ገጾቹን ያለ አስጎብኚ ያነባቸዋል፦ ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ ክህነት፣ ተክሊል፣ ቀንዲል።

ጥምቀቱን በቀላሉ ያገኙታል፤ በገንዳው ላይ ትንሽ ገንዳ ተቀርጿል፣ ቄሱ ሕፃኑን በሁለት እጁ ይዞ ሊነክረው ነው፣ አንድ ረዳት መጽሐፉን ከፍቶ ይዞለታል። ስለ ስፋቱ ለጠየቁት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም፤ ጠራቢው ራሱ መልሶልዎታል። በቁርባኑ ገጽ ቄሱ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ኅብስቱን ከፍ ያደርጋል። በተክሊሉ ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። በቀንዲሉ በሽተኛው አልጋ ላይ ተጋድሟል። በንስሐው ገጽ ተነሳሒው ተንበርክኳል፤ በአንዳንድ ገንዳዎች ላይ ሰይጣን ከጎኑ ወጥቶ ሲሸሽ ይታያል። ግራ የሚያጋባዎት ሜሮኑ ሊሆን ይችላል። በእኛ ሥርዓት ሕፃኑ በተጠመቀበት ቀን ሜሮን ይቀባል፤ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ግን ይህ የጳጳስ ሥልጣን ስለሆነ ሕዝቡ ጳጳስ በአካባቢው እስኪያልፍ መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ በዚያ ገጽ ላይ የጳጳስ ቆብ ያደረገ ሰውና በእቅፍ የተያዙ ወይም በፊቱ የቆሙ ልጆች ይፈልጉ። በክህነቱም ገጽ ጳጳስ ስላለ ሁለቱን የሚለየው የልጆቹ መኖር ነው።

ምሥጢራቱ ሰባት፣ ገጾቹ ግን ስምንት ናቸው። ስምንት ማዕዘን የተመረጠው ከጥንት ጀምሮ ስምንተኛው ቀን የትንሣኤና የአዲስ ሕይወት ቀን ተደርጎ ስለሚቆጠር ነው። ትርፍ የሆነውን ስምንተኛ ገጽ እያንዳንዱ ደብር እንደ ፈቀደ ሞላው፤ አንዱ የክርስቶስን ጥምቀት፣ ሌላው ስቅለቱን። የሰባቱ ምሥጢራት ገንዳዎች ሁሉ ወንድማማቾች ቢመስሉም ባሕርያቸውን የሚገልጠው ይህ ገጽ ነው።

ለምን በዚያ አካባቢ ብቻ በዙ? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው፤ በጊዜው ኖርፎክና ሰፎክ ከሱፍና ከጨርቅ ንግድ የበለጸጉ ነበሩ። የኢስት ዲርሃም ደብር የሂሳብ መዝገብ በ1468 ለአዲሱ ገንዳ የወጣውን ወጪ ይዞ ቆይቷል፤ ሕዝቡ አዋጥቶ ያሠራው ነው። ሌላው ምክንያት ግን ለእኔ የበለጠ ይታየኛል። ከ1428 እስከ 1431 በኖርዊች ከተማ ሎላርድ የሚባሉ ሰዎች በመናፍቅነት ተከስሰው ለፍርድ ቀርበው ነበር። ለቄስ መናዘዝ አያስፈልግም፣ የቤተ ክርስቲያን ጥምቀት ምንም አይጨምርም ይሉ ነበር። ገንዳዎቹ መሠራት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ነው። ስብከት ይረሳል፤ እያንዳንዱ እናትና እያንዳንዱ የክርስትና አባት በሚቆምበት ቦታ በድንጋይ የተጻፈ መልስ ግን አይረሳም። አንዳንድ የታሪክ ሊቃውንት ይህን አገናኝተው ያነቡታል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ከመጨረሻዎቹ አንዱ በዎልሶከን ያለው ነው፤ 1544 የሚል ዓመተ ምሕረት ተቀርጾበታል። ልብ ይበሉ፣ ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1547 ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሞተ፤ ፕሮቴስታንት በሆነው በልጁ በኤድዋርድ ስድስተኛ ዘመን ምስል ሁሉ ከአብያተ ክርስቲያናት እንዲጠፋ ታዘዘ። የመጀመሪያው መዶሻ ያኔ ተነሳ። ሁለተኛው በ1644 መጣ። ንጉሡና ፓርላማው በተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ዊልያም ዳውሲንግ የተባለ ሰው ከፓርላማው ወገን ሥልጣን ተሰጥቶት ካምብሪጅሻየርንና ሰፎክን መንደር ለመንደር እየዞረ ምስል አስሰበረ፤ የሰበረውንም በየቀኑ መዘገበ። አፈርድም ደርሷል። የደብሩ ኃላፊዎች በሁለተኛው ጉብኝት በሩን ዘግተው ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አቆሙት። ይኸው ሰው ግን ያን የእንጨት ግንብ ሲያይ በመዝገቡ ላይ ግሩም ክዳን ብሎ ጻፈ፤ እንደ ሮሙ ፖፕ ሦስት ድርብ ዘውድ ያለ፣ በወርቅ የተለበጠ ነው አለ። ክዳኑ ዛሬም ቆሟል። የሰው ልብ እንዲህ ነው፤ ሊሰብር መጥቶ ተደንቆ ይመለሳል።

የ1547ቱም የ1644ቱም መዶሻ የሚተወው ጠባሳ አንድ ዓይነት ነው። ልብ ብለው ቢያዩ ግን ሰባሪዎቹ ምን እንደመረጡ ይገባዎታል። ልብሱ፣ አልጋው፣ መጽሐፉ አለ፤ የጠፋው ፊቱ፣ የሚባርከው እጅና ከፍ ያለው ኅብስት ነው። የሚሰግዱለት ይሆናል ብለው የፈሩትን ብቻ ቆረጡ። ገንዳውን ግን አላፈረሱትም፤ ፕሮቴስታንቶችም ልጆቻቸውን ያጠምቁ ነበርና። በ1604 የጸናው የቤተ ክርስቲያኗ ሕግ በእያንዳንዱ ደብር ከድንጋይ የተሠራ ማጥመቂያ እንዲኖር፣ በጥንቱ ቦታም እንዲቆም ያዝዛል። የጥንቱ ቦታ የሚባለው እርስዎ ያዩት የበሩ አጠገብ ነው፤ ሥርዓቱ በደጀ ሰላም ተጀምሮ ወደ ውስጥ ይቀጥል ስለነበር። አንዳንድ መንደሮች ደግሞ ምስሉን በኖራ ልስን ሸፍነው ገንዳውን ለስላሳ አደረጉት። ይህ ልስን ከሁሉ የተሻለ ጠባቂ ሆነ፤ ከዘመናት በኋላ ሲነሳ ከሥሩ ፊት የወጣበት ገንዳ አለ። ፊቶች ምን ይመስሉ እንደነበር ማየት ከፈለጉ ኖርፎክ ውስጥ ወደ ስሎሊ ይሂዱ፤ ከሰባቱ ምሥጢራት ገንዳዎች በደህና ከተጠበቁት ዋነኛው ነው።

ከ1645 በኋላ ጥቂት ዓመታት የባሱ ነበሩ። አዲሱ የአምልኮ መመሪያ ጥምቀት በጥንቱ ገንዳ ቦታ መሆኑ ቀርቶ በጉባኤው ፊት እንዲፈጸም አዘዘ፤ ተራ ሳህን ገንዳውን ተካ። በጦርነቱ ሳቢያ የተሻረው ንግሥና በ1660 ሲመለስ ገንዳዎችም ተመለሱ፤ በ1660ዎቹ የተሠሩ አዳዲሶች ዓመታቸው ተቀርጾባቸው በብዙ ቦታ አሉ። ሳይመለስ የቀረው የአበባ ማስቀመጫ ወይም የከብት ውሃ መጠጫ ሆነ። በግሎስተርሻየር አውራጃ ዲርኸርስት የሚገኘው፣ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት የተሠራና በጥቅልል ሐረግ ያጌጠ ገንዳ በ19ኛው መቶ ዘመን የተገኘው በአንድ እርሻ ግቢ ነው፤ እግሩም ለብቻው ሌላ ቦታ ተገኝቶ ነው የተገጣጠሙት።

ድንጋይ ሥራውን ሲለውጥ ግን ያ የመጀመሪያው አልነበረም። በሽሮፕሻየር በሮክስተር ያለው ገንዳ የሮማውያን ዓምድ መሠረት ተገልብጦ የተቦረቦረ ነው። በዶርሴት አውራጃ በሜልበሪ ባብ ደግሞ ከኖርማኖች በፊት በነበረው በአንግሎ ሳክሰን ዘመን የተሠራ የድንጋይ መስቀል ግንድ ገልብጠው ገንዳ ስላደረጉት የተቀረጹት እንስሳት ሁሉ እግራቸው ወደ ላይ ሆኖ ይታያል። የሠራው ሰው እንስሳቱ ተገለበጡ ብሎ አልተጨነቀም፤ ውሃ የሚይዝ ደህና ድንጋይ አገኘ። ብዙ ጊዜ ግድግዳው ሦስት አራት ጊዜ ፈርሶ ሲሠራ ገንዳው አይለወጥም፤ አያቱ የተጠመቀበትን ድንጋይ ማን ይጥላል?

እንግዲህ ወደ ጥገናው። የ19ኛው መቶ ዘመን ሰዎች ይህን ሞክረውታል። በፍቅር ነው የሞከሩት፤ ግን የጎዱት ከዳውሲንግ የማይተናነስበት ቦታ አለ። የተቆረጠውን ፊት በአዲስ ፊት ተኩ፣ የደበዘዘውን ልብስ እንደገና በመሮ ስለው ጠረቡ፣ መካከለኛው ዘመን እርቃኑን የቆመ ድንጋይ ይወድ ነበር በሚል እምነት ኖራውንና ቀለሙን ፍቀው ጣሉ። እውነቱ ግን ገንዳዎቹ በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በወርቅ ያሸበረቁ ነበሩ፤ ሰፎክ ውስጥ በዌስትሆል ያለው ገንዳ እስካሁን የቀለም ቅሪት ይዟል። እንደገና የተጠረበ ገንዳ አይቶ መለየት አይከብድም፤ ጠርዙ ሁሉ እኩል ስለታም ነው፣ ፊቶቹ ሁሉ ወንድማማች ይመስላሉ፣ የመሮው ምልክት ከእግር እስከ ከንፈር አንድ ነው። እንዲህ ያለውን ገንዳ ከዚያ ወዲያ ማንም የ15ኛው መቶ ዘመን ምስክር አድርጎ ሊጠራው አይችልም። የተቆረጠ ፊት እውነተኛ ነው፤ የተተካ ፊት ግምት ነው።

እኔም አንድ ጊዜ የደረሰብኝን ልንገርዎ። ስሟን የማልጠራት አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በአንድ ገንዳ የልብስ እጥፋት ሥር ቀይ ቀለም አግኝቼ ፎቶ አንስቼ ነበር፤ ከጥፍር አይበልጥም። በዓመቱ ለጥናት ስመለስ አንድ ቅን ሰው ለበዓል ብሎ ገንዳውን በሳሙናና በሽቦ ብሩሽ አጥቦታል። ቀለሙ የለም። ሰውየውን ልቆጣው አልቻልኩም፤ ደስ ብሎት «አየህ፣ እንዴት ነጣ!» አለኝ። ወደ መኪናዬ ሄጄ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

ይህን ስል ገንዳ ይፈራርስ ማለቴ አይደለም። የዛገ ብረት እየተነፋ ድንጋዩን ይሰነጥቃል፤ በጥንቃቄ ሊወጣ ወይም ዝገቱ ሊገታ ይገባል። ከወለሉ የሚወጣ እርጥበት ጨው ይዞ ይመጣና የድንጋዩን ገጽ እንደ ዱቄት ያራግፈዋል፤ ያኔ የሚታከመው ወለሉ ነው። ስንጥቁ የሚሞላው በኖራ ነው እንጂ በሲሚንቶ አይደለም፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ወደ ድንጋዩ ይመልሰዋል። ዘይትና ሰምም አይቀባ። ማንኛውም ሥራ ቢታሰብ የደብሩ ሰዎች በራሳቸው መጀመር አይችሉም፤ ገንዳውን ለማዛወር እንኳ ከሀገረ ስብከቱ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። ስለዚህ «ለምን አታስጠግነውም» ላሉት፣ ሀገሪቱ ገንዘብ አጥታ ወይም ቸል ብላ ላይሆን ይችላል። እንዳይነካ የሚጠብቀው ሕግና ከስህተት የተማረ ትውልድ አለ። ገንዳው ሥራም አልፈታም፤ የዛሬው የቤተ ክርስቲያኗ ሕግ ከጥምቀት ውሃ በቀር ለሌላ ነገር እንዳይውል ያዝዛል፤ የዚያ መንደር ልጆች አሁንም የሚጠመቁበት እሱው ነው።

ሁሉም ፊቱን አላጣም። በሰሜን፣ በካምብሪያ፣ ብራይድከርክ በሚባለው መንደር ባለው የ12ኛው መቶ ዘመን ገንዳ ላይ ጠራቢው ራሱን ቀርጿል፤ መዶሻና መሮ ይዞ ሐረጉን ሲጠርብ ይታያል፤ ሪካርድ የተባለ ሰው እንደሠራውም በጥንቱ የሰሜን ሰዎች ፊደል ተጽፏል። የሙያዬ ሰው ስለሆነ መሰለኝ፣ ከገንዳዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ልጆችዎን ይዘው ተመልሰው ከሄዱ የእጅ ባትሪ ይያዙ። ፊት ለፊት አያብሩ፤ ባትሪውን ከድንጋዩ ጎን አስጠግተው ብርሃኑ በገጹ ላይ አግድም እንዲሄድ ያድርጉ። ጠፍተዋል ያሏቸው የጣቶች ቅርጽ፣ የልብስ እጥፋት፣ የመዶሻው ምት የመጣበት አቅጣጫ ሁሉ በጥላ ይወጣል። በቀጭን መስመር የተጫሩ ክበቦች ካዩም የዛሬ ልጅ ሥራ አድርገው አይቁጠሯቸው። ምንም አይንኩ፣ ምንም አይጥረጉ፤ ፎቶ ግን በብዛት ያንሱ። ሰባቱን ከለዩ በኋላ በስምንተኛው ገጽ ላይ ምን እንዳለ ቢጽፉልኝ፣ ስለዚያች ቤተ ክርስቲያን ገንዳ ከዚህ የበለጠ ልነግርዎ እችላለሁ።